«አንተ ሱቅ፣ አንቺ ማጀት»

ቡራዩ ውስጥ ከዋናው መንገድ ገባ ባለ ሰፈር፣ አምስት ስድስት ተከራይ በአንድ አጥር በሚኖርበት ግቢ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እቃ እቃ የሚጫወቱ ልጆች አይጠፉም። ጭቃው ሊጥ ነው፣ የቀለም ቆርቆሮ ክዳን ምጣድ ነው፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል ደግሞ ጎመን። ድርሻ ሲከፋፈሉ ክርክር የለም። አምስት ዓመት ያልሞላት ልጅ «እኔ እናት» ትልና ቁጢጥ ብላ ማቡካት ትጀምራለች። «አባት» የተባለው ልጅ ወዲያው ከጨዋታው ይወጣል፤ ሥራ ሄዷላ! ግቢውን አንዴ ዞሮ፣ ከብረት በሩ ሥር ትንሽ ቆሞ ይመለስና «እራት ደረሰ?» ይላል። በዚህ ጨዋታ ውስጥ የአባት ዋናው ሥራ ወጥ እስኪወጠወጥ ድረስ አለመኖር ነው።

ይህን ማንም አስቀምጦ አላስተማራቸውም። እናትየው «ሴት ልጅ ሥራዋ ማጀት ነው» ብላ አታውቅ ይሆናል፤ እንዲያውም በሰው ፊት ተቃራኒውን ትናገር ይሆናል። ልጆቹ ግን በየቀኑ አይተዋል። አባት ማልዶ ታክሲ ወይም አውቶቡስ ተሳፍሮ በአስኮ በኩል ወደ አዲስ አበባ ይወርዳል፣ ሲመለስ መሽቷል። ሰበታ ያለው በአለም ገና፣ ሱሉልታ ያለው የእንጦጦን ዳገት ተሻግሮ እንዲሁ ያደርጋል። ሦስቱም ከተሞች ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል፤ ለብዙ ነዋሪ ግን ዛሬም ሌሊት የሚያድሩባቸው፣ ቀን የሚወጡባቸው ከተሞች ናቸው። በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ የሚያድግ ሕፃን አባቱን የሚያውቀው በአብዛኛው በምሽቱ ሰዓት ነው፤ ያም አባት የደከመው፣ የተቀመጠውና የሚቀርብለት አባት ነው።

ስለ ልጆች አእምሮ የሚያጠኑ ሊቃውንት ልጅ የፆታ ሚናን እንዴት እንደሚይዝ መመርመር ከጀመሩ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኗል። አሜሪካዊው ሎረንስ ኮልበርግ እ.ኤ.አ. በ1966 ባቀረበው ሐሳብ፣ ልጅ ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ባለው ጊዜ ራሱን «ወንድ ነኝ»፣ «ሴት ነኝ» ብሎ ይሰይማል፤ ይህ ነገር ፀጉር ቢያድግ፣ ልብስ ቢቀየር እንደማይለወጥ የሚረዳው ግን ወደ ስድስትና ሰባት ዓመቱ ገደማ ነው። ሳንድራ ቤም እ.ኤ.አ. በ1981 ሌላ ነገር ጨመረች፦ ልጁ ፆታውን ካወቀ በኋላ ዓለምን በሁለት ከረጢት እየከፈለ ያስገባል፤ ይህ የእኛ፣ ያ የእነሱ። ካሮል ማርቲንና ዳያን ሩብል የተባሉት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ልጆችን ከመርማሪ ፖሊስ ጋር አመሳስለዋቸዋል። ማስረጃ የሚያነፈንፉት ራሳቸው ናቸው፤ የተሰጣቸውን ብቻ አይቀበሉም።

ይህ የመጨረሻው ሐሳብ ብዙ ወላጅ የሚገረምበትን ነገር ያስረዳል። «እኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር የለም፣ ከየት አመጣው?» የሚል እናት ወይም አባት ጥቂት አይደለም። አምስትና ስድስት ዓመት ሕግ የሚጠብቅበት ዕድሜ ነው። ልጁ ያገኘውን ፍንጭ ወስዶ ከወላጆቹም በላይ ያጠነክረዋል። ሮዝ ኮፍያ ያደረገ ወንድ ካየ ይስቃል፤ አባቱ ሽንኩርት ሲከትፍ ካየ «እማዬ የት ሄዳ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው የዋህ ቢመስልም ምርመራ ነው። ልጁ ያወጣው ሕግ ስለተጣሰ ምክንያቱን እየፈለገ ነው፤ «እናትህ ታማለች» የሚል መልስ ካገኘ ሕጉ ተረፈ ማለት ነው።

ከዚያ ዕድሜ በፊትስ? በአገራችን ልማድ ወሬው የሚጀምረው ልጁ ዓይኑን ሳይገልጥ ነው። በብዙ የአማራ አካባቢ ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት ጊዜ እልል ይባላል። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀን ክርስትና ይነሣሉ፤ ለዚህ ቤተ ክርስቲያን የራሷ የኦሪት ትርጓሜ አላት። ሕፃኑ እልልታውን ቆጥሮ የሚገባው ነገር የለም። የሚቆጥሩት ጎረቤቶች ናቸው፤ ልጁን የሚያቅፉት፣ የሚያጫውቱት፣ «ጀግና!» ወይም «ቆንጆ!» የሚሉትም እነሱው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2000 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት ይህን በሚገባ አሳይቷል። የ11 ወር ልጆች እናቶች፣ ልጃቸው ምን ያህል ቁልቁል የሆነ ተዳፋት እየዳኸ መውረድ እንደሚችል እንዲገምቱ ተጠየቁ። የወንዶቹ እናቶች ከሚችሉት በላይ፣ የሴቶቹ እናቶች ደግሞ ከሚችሉት በታች ገመቱ። ሕፃናቱ በተዳፋቱ ላይ ሲለቀቁ በወንዶቹና በሴቶቹ መካከል ልዩነት አልታየም። እናቶቹ ልጆቻቸውን የሚወዱ፣ በየቀኑ የሚያዩዋቸው ሰዎች ነበሩ፤ ይሁንና ልጅቷ ከመውደቋ በፊት በሐሳባቸው ወድቃ ነበር።

ነገሩ እየጠነከረ የሚመጣው ግን ልጁ መላክ ሲጀምር ነው። በኢትዮጵያ የልጅ አስተዳደግ መላላክ ትልቅ ቦታ አለው። «የተባረከ ልጅ» ማለት ሲልኩት እሺ የሚል ልጅ ነው። ወላጅ ስለ ፆታ የሚያስበውን ሁሉ ሳይናገር የሚናገረውም እዚያ ላይ ነው፦ አንተ ሱቅ ሂድ፣ አንቺ ስኒውን እጠቢ። አንተ ጥጃውን መልስ፣ አንቺ ሕፃኑን ያዢ። ወንዱ የተላከበት ነገር ከበር ያስወጣዋል፤ ሂሳብ ይቀበላል፣ መልስ ይቆጥራል፣ በመንገድ ኳስ ካገኘ ሁለት ለግቶ ይመለሳል። ሴቷ የተላከችበት ነገር ከእናቷ አያርቃትም፤ ሲያልቅ ደግሞ ሌላ ይተካል። ምክንያቱም የወንዱ መልእክት ማለቂያ አለው፣ የማጀት ሥራ ግን «ጨርሻለሁ» አይባልበትም። ስምንት ዓመት የሞላቸው ወንድምና እህት በዚህ መንገድ ሁለት ዓይነት የጊዜ ስሜት ይዘው ያድጋሉ። የፆታ ሚና ሲባል ብዙ ጊዜ ስለ ቀለምና ስለ አሻንጉሊት ይወራል፤ እዚህ አገር ግን ልጅ የሚቀረጸው ከአሻንጉሊት ይልቅ በትእዛዝ ነው ቢባል ከእውነቱ አይርቅም።

ሱሉልታ ላይ ይህ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሜዳው ድርቆሽና ወተት ለአዲስ አበባ የሚያቀርብ ነው። ከብት ባለበት ቤት ወንድ ልጅ ገና አምስት ስድስት ዓመት ሳይሞላው ጥጃና በግ ይጠብቃል፤ ሴት ልጅ እናቷን ተከትላ በረት ትጠርጋለች፣ እበት ትዛቃለች፣ ኩበት ትጠፈጥፋለች። ኩበቱ ደርቆ ሲከመር ዳር ዳሩ በትንንሽ መዳፍ የተጠፈጠፈ አንዳንዱ ይለያል፤ የልጅ ጣት ምልክት አለበት። በሬ ጠምዶ ማረስ ግን የአባትና የልጅ፣ የወንድ ወገን ሥራ ነው። ዴንማርካዊቷ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ ኤስተር ቦሴሩፕ እ.ኤ.አ. በ1970 ሞፈርና ቀንበር ባለበት አገር ወንድ እርሻን፣ ሴት ቤትን እንደምትይዝ፣ በመቆፈሪያ በሚታረስበት ግን ሴቷ በማሳው ላይ ድርሻ እንደሚኖራት ጽፋ ነበር። አሌሲና፣ ጁሊያኖና ነን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ይህን በብዙ አገሮች መረጃ ፈትሸው፣ ቅድመ አያቶቻቸው በማረሻ ያርሱ የነበሩ ሰዎች ልጆች እርሻውን ትተው ከተማ፣ አልፎም ሌላ አገር ከገቡ በኋላ እንኳ ስለ ሴት ሥራ ያላቸው አመለካከት ጠበብ ያለ መሆኑን አሳይተዋል። ከሰሐራ በታች ካሉ አገሮች በበሬ ማረስን ከጥንት ይዛ የኖረች አገር ኢትዮጵያ ናት ማለት ይቻላል። የቡራዩ ተከራይ አባት ሞፈር ጨብጦ አያውቅ ይሆናል፤ የአያቱን የሥራ ክፍፍል ግን ሳያውቀው ወደ ኮንዶሚኒየም ይዞት ሊገባ ይችላል።

ውሃን እንውሰድ። በእነዚህ ከተሞች ቧንቧ በፈረቃ ነው፤ አንዳንዱ ሰፈር ለቀናት አይመጣለትም። ጀሪካን ይዞ ቦኖ ላይ መሰለፍ የእናትና የሴት ልጅ ነው። ያው ውሃ በአህያ ወይም በፈረስ ጋሪ ተጭኖ በጀሪካን ይህን ያህል ብር ተብሎ ሲሸጥ ግን ጋሪውን የሚነዳው ወንድ ነው። አንዱን ጀሪካን የተሸከመችው ሴት ልጅና ሃያውን የጫነው ጎረምሳ መንገድ ላይ ይተላለፋሉ። ከአጥር ሥር ሆኖ የሚያየው ሕፃን ከዚህ የሚወስደው ትምህርት ከባድና ቀላል ሥራ ስለሚባለው ነገር አይደለም፤ ገንዘብ ያለበት ሥራ የማን እንደሆነ ነው። በግንባታ ቦታም እንዲሁ ነው። ድንጋይና ሲሚንቶ የምትሸከም ሴት በሦስቱም ከተሞች ሞልታለች፤ ቱምቢና ማንኪያ ይዞ የሚገነባው፣ ቀን ሒሳቡም ከፍ የሚለው ወንዱ ነው።

እናት ደመወዝተኛ ስትሆን ይህ ሁሉ መለወጥ አልነበረበትም? ሰበታ ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መፈተኛ ናት። በከተማዋና በዙሪያዋ የአበባ እርሻዎች፣ የጨርቃ ጨርቅና የምግብ ፋብሪካዎች አሉ፤ አለም ገና የተተከለው አይካ አዲስ ብቻ በአንድ ወቅት በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ነበሩት። በአበባ እርሻና በልብስ ስፌት አብዛኛው እጅ የሴት ነው። እናት ጠዋት 12 ሰዓት በሰርቪስ ትወጣለች። ታዲያ ቤት የቀረውን ሥራ ማን ወሰደው? በብዙ ቤት አባት አልወሰደውም። ወይ ታላቅ ልጅቷ ወስዳዋለች፣ ወይ ከገጠር የመጣች ዘመድ፣ ወይ ራሷ ገና ልጅ የሆነች የቤት ሠራተኛ፤ የተረፈውን እናትየው ማታ መጥታ ትጨርሰዋለች። ሕፃኑ እናቱ ገንዘብ እንደምታመጣ ያያል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፣ ለሴት ልጁ በተለይ። ግን ደግሞ እናት ስትወጣ ቦታዋን የምትሞላው ሌላ ሴት መሆኗንም ያያል።

ካናዳ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ፣ አሊሳ ክሮፍትና ባልደረቦቿ ከ7 እስከ 13 ዓመት ባሉ 326 ልጆችና በወላጆቻቸው ላይ ያደረጉት ጥናት እዚህ ላይ ይነሣል። ወላጆች ስለ እኩልነት የሚሉት ነገር በልጆች ላይ ድርሻ ነበረው። የሴት ልጆችን የወደፊት ምኞት በመተንበይ ረገድ ጎልቶ የወጣው ግን ሌላ ነው፦ አባት ቤት ውስጥ ምን ይሠራል? በአፉ እኩልነትን የሚደግፍ፣ በእጁ ግን ሳህን የማይነካ አባት ያላቸው ልጃገረዶች ለራሳቸው የሚመኙት ሙያ በልማድ «የሴት» የሚባለውን ነበር። የቫንኩቨር አባት የሰበታ አባት አይደለም፤ ቢሆንም ውጤቱ እዚህ የሚያስገርመው ሰው ያለ አይመስልም። «አባዬ ይላል እንጂ አያደርግም» የሚል ልጅ በየቤቱ አለ።

ልጆች ከሚወርሱት ውስጥ ቅጣትም አለበት። በ2016 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ባል ሚስቱን ቢመታ አግባብ ይሆናል ወይ ብሎ አምስት ምክንያቶችን ዘርዝሮ ጠይቆ ነበር፤ ከአምስቱ አንዱ ምግብ ማሳረር ነው። ቢያንስ በአንዱ ምክንያት መምታት ተገቢ ነው ያሉት ወንዶች 28 በመቶ ሲሆኑ፣ ሴቶች ግን 63 በመቶ ናቸው። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ስለ ጥቃት ለመናገር ነው። ከልጅ አስተዳደግ አንጻር ሲታይ ሌላ ነገር ይናገራል፦ ሚናውን ለልጇ የምታወርሰው፣ የምትቆጣውና የምታስተካክለው በአብዛኛው እናት ናት፤ ሕጉንም ከአባት ይልቅ እሷ አጥብቃ ይዛዋለች። ባል ሚስቱን ሊያግዝ ምጣዱ ጋ ሲጠጋ «ውጣ፣ ሰው ምን ይላል!» ብላ የምታስወጣው አማት የምናውቃት ሴት ናት።

የአገሪቱ ሕግም ለረጅም ጊዜ ከእሷ ጋር ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ አድርጎ ሾሞ፣ ሠራተኛ መቅጠር ካልቻለም የቤቱ ሥራ የሚስት ግዴታ መሆኑን እስከ መጻፍ ደርሶ ነበር። የ1992ቱ የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ይህን ሽሮ ባልና ሚስትን እኩል አደረገ፤ ኦሮሚያም በ1995 የራሱን የቤተሰብ ሕግ አወጣ። የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለወለደች እናት በጠቅላላው 120 ቀን፣ ለአባት ሦስት ተከታታይ ቀን ፈቃድ ከሙሉ ደመወዝ ጋር ሰጥቷል። አባት የዳይፐር አቀያየር ለመልመድ ሦስት ቀን በቂ ይሆን? አባት ወደ ፋብሪካው ሲመለስ እናትና ልጅ የራሳቸውን ሥርዓት ዘርግተው ይጠብቁታል፤ ከዚያ በኋላ እሱ «አጋዥ» ነው፣ ቢበዛ።

ሁሉም ነገር ግን አንድ ወገን አይደለም። በዚያው በሱሉልታ ሜዳ በማለዳ ሴትና ወንድ ሯጮች ጎን ለጎን ይሠራሉ። ቀነኒሳ በቀለ ያስገነባው የልምምድ ስፍራ እዚያ ነው፤ ቱታ ለብሳ ላብ የሚወርዳት ሴት ለአካባቢው ሕፃን ብርቅ አይደለችም። ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ካጠለቀች ወዲህ ሩጫ በኢትዮጵያ ልጅ አእምሮ ውስጥ ከሁለቱም ከረጢት የወጣ ሥራ ሆኗል። ስንት ሌላ ሙያ እንዲህ ሆነ ቢባል መልሱ አጭር ነው። በኦሮሞ ባህል እናት ለሴት ልጇ በሠርጓ ቀን የምትሰጣት ሲንቄ የተባለችው በትርም አለች፤ ሴት የተበደለች እንደሆነ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ወጥተው ዳኝነት ይጠይቁባታል። የሴት ክብር ከውጭ የመጣ ሐሳብ ነው ለሚል ሰው ይህ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ቅርስ ጥሩ መልስ ነው።

በቴሌቪዥን በኩል አባባ ተስፋዬ ሣህሉ ነበሩ፤ ልጆችን «የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች» እያሉ ያሳደጉት እኚህ አንጋፋ፣ ወጣት ሳሉ መድረክ ላይ ሴት ተዋናይ ስላልነበረ የሴት ገጸ ባሕርይ ይጫወቱ ነበር። ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረችው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ደግሞ ጠያቂዋንና ዐዋቂዋን ቀጭኔ ሴት አደረጋት። ወንዶች ልጆችም ተመለከቷት።

ከሁሉ የሚገርመው ማስረጃ የመጣው ከጎረቤት ኬንያ ነው። አንትሮፖሎጂስቷ ካሮል ኤምበር በሉኦ መንደሮች ያጠናችውን እ.ኤ.አ. በ1973 አሳተመች። በአንዳንድ ቤት ትልቅ ሴት ልጅ ስላልነበረች ወንዶቹ ሕፃን ይይዙ፣ ያበስሉ፣ ውሃ ይቀዱ ነበር። እነዚህ ወንዶች ልጆች ከሌሎቹ ያነሰ ጠበኛ፣ ለሰው የሚያስቡ ሆነው ተገኙ፤ ለውጡ ይበልጥ የታየው ደግሞ ቤት ውስጥ የሚሠራ ሥራ በተሰጣቸው ላይ ነው። ማንም ስለ እኩልነት አልሰበካቸውም፤ ቤቱ ሰው አጥቶ ነው። በቡራዩና በሰበታ ቤተሰብ እያነሰ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገር አቀፍ ደረጃ አንዲት ሴት በአማካይ 4.6 ልጅ ስትወልድ በአዲስ አበባ ግን 1.8 ነበር፤ ከዋና ከተማዋ የተጠጉት ከተሞችም ወደዚያው ሳያዘነብሉ አይቀሩም። ሁለት ወንድ ብቻ የወለደች እናት ብዙ ናት። ሠራተኛ መቅጠር እየተወደደ ሲሄድ ሊጥ የሚያቦካ፣ ወንድሙን የሚያጥብ ወንድ ልጅ ማየት እንደ ድሮው ጉድ አያሰኝም፤ እንግዳ ሲመጣ ግን አሁንም ከማጀት ዘወር እንዲል ይደረጋል።

ልጅ ያየውን ሁሉ አይቀዳም። ደቡብ ጎንደር ውስጥ የአውራ አምባን ማኅበረሰብ የመሠረቱት ዙምራ ኑሩ፣ ሕፃን ሳሉ እናታቸው ከአባታቸው ጋር እኩል እርሻ ውለው ቤት ሲገቡ አባት ሲያርፍ እናት ግን እንደገና መፍጨትና ማብሰል እንደሚጀምሩ ማየታቸው እንቅልፍ እንደነሣቸው ተናግረዋል። ብዙ ሺህ ልጅ ያንኑ አይቶ «እንዲህ ነው» ብሎ አለፈ፤ እሳቸው «ለምን?» አሉ። በ1964 ዓ.ም. በተመሠረተው ማኅበረሰብ ሴት ታርሳለች፣ ወንድ ያበስላል፤ እዚያ የተወለደ ሕፃን ለማጀት ፆታ አይሰጠውም። አንድ መንደር ነው፣ ብዙ ጊዜም በጎረቤት ተጠልቶ ኖሯል። ልጅ ከተለያየ ቤት የተለያየ ሕግ እንደሚያወጣ ለማሳየት ግን ያ መንደር ይበቃል።

ትልልቆቹን መለወጥ ይቻላል ወይ የሚለው በቅርቡ ተፈትኗል፤ ፈተናውም የተካሄደው ከሰበታ በአለም ገና በኩል ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ በሚደረስባቸው የጉራጌ አካባቢ ወረዳዎች ነው። ጥናቱ ካካተታቸው 64 መንደሮች በአብዛኞቹ በቡና ማፍላት ሥርዓት ላይ ተመሥርቶ ስለ ትዳር፣ ስለ ጥቃትና ስለ ቤት ሥራ ተከታታይ ውይይት ተደረገ፤ በአንዳንዱ መንደር ወንዶች ብቻ፣ በአንዳንዱ ሴቶች ብቻ፣ በሌላው ባልና ሚስት አብረው። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው ውጤት የተሻለ ለውጥ ያሳየው በወንዶቹ ቡድን ነበር፤ በሚስት ላይ የሚፈጸም ወሲባዊ ጥቃት ቀንሶ፣ ወንዶቹ በቤት ሥራ የሚሳተፉበት ጊዜ ጨመረ። ሴቶች ብቻ በተሰበሰቡበት ይህን ያህል አልተገኘም። ጥናቱ የለካው ባሎችንና ሚስቶችን ነው። እነዚያ ወንዶች ከውይይቱ ተመልሰው ሽንኩርት መክተፍ ሲጀምሩ በር ላይ ቆመው ያዩ የነበሩት ልጆች ግን አልተጠየቁም፤ በዚያ ዓመት አምስት ዓመት የነበረው ዛሬ አሥር አልፎታል።